መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ምን ይዞ ይቆያል?

አማካሪዋ የሆንኩላት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ደወለችልኝ። የምትኖረው ልደታ ከሚገኙት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ነው። የአቶሞችን እንቅስቃሴ የሚያሰላ ፕሮግራም በላፕቶፗ ላይ ለ22 ሰዓታት ሲሠራ ቆይቶ ሊጠናቀቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ማታ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። እርሷም ባትሪውን ለመቆጠብ በማሰብ ክዳኑን ዘጋችው። መብራቱ የመጣው በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ላፕቶፑን ስትከፍተው እንደ አዲስ ተነሣ። የ22 ሰዓታቱ ስሌት አልነበረም።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ አጠፋሁት አላልኩም፤ ተኝቶ የሚቆየኝ መስሎኝ ነው የዘጋሁት» አለችኝ።

የተማሪዋ ግምት የብዙዎቻችን ግምት ነው። ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋ «ይተኛል» እንላለን፤ የተኛ ነገር ደግሞ በሰላም ያድራል ብለን እናምናለን። ይሁን እንጂ የተኛ ላፕቶፕም ይበላል። ምን ያህል እንደሚበላ፣ ባትሪው ሲያልቅ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንዲያተርፍና ምን እንዲጥል የሚወስነው ደግሞ ብዙዎቻችን ከፍተን አይተነው የማናውቀው የኃይል ቁጠባ ቅንብር ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቅንብር በስተጀርባ ያለውን ፊዚክስ ለማብራራት፣ በተለይም መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ውስጥ ቅንብሩ እንዴት መስተካከል እንዳለበት ለማሳየት ይሞክራል።

ባትሪው ውስጥ ያለው ምን ያህል ነው?

በዕለት ንግግራችን «ኃይል» እና «ጉልበት» የሚሉትን ቃላት እናቀላቅላለን። በፊዚክስ ግን ልዩነታቸው የጎላ ነው። ባትሪ የሚያጠራቅመው ኢነርጂን ማለትም ጉልበትን ሲሆን፣ ኃይል ማለት ያ ጉልበት በሴኮንድ ውስጥ የሚወጣበት ፍጥነት ነው። በላፕቶፕ ባትሪ ላይ የሚጻፈው «ዋት-ሰዓት» የተባለው መለኪያ የሚነግረን የተጠራቀመውን ጉልበት ነው። 50 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 10 ዋት ለሚወስድ ላፕቶፕ አምስት ሰዓት፣ 25 ዋት ለሚወስድ ደግሞ ሁለት ሰዓት ብቻ ያገለግላል። ስለዚህ «ይህ ባትሪ ስንት ሰዓት ይቆያል?» የሚለው ጥያቄ «አንድ ጆንያ ጤፍ ስንት ቀን ይበቃል?» ከሚለው አይለይም፤ መልሱ በተመጋቢው ይወሰናል።

መጠኑን በሌላ ምሳሌ እንየው። 50 ዋት-ሰዓት ማለት 180,000 ጁል ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። አንድ ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 300,000 ጁል ያህል ያስፈልጋል። እንግዲህ ሙሉ የላፕቶፕ ባትሪ አንዳች ሳይባክን ወደ ሙቀት ቢለወጥ እንኳ የሚያፈላው ከአንድ ሊትር ጥቂት ያለፈ ግማሽ፣ ማለትም ለአንድ መካከለኛ ጀበና የሚበቃ ውሃ ነው። አንድ ሙሉ የሥራ ምሽት የሚቆመው በዚህች ጉልበት ላይ ነው።

የእንቅልፍ ዓይነቶች

ላፕቶፕ እንዴት እንደሚያርፍ የሚደነግገው መስፈርት እ.ኤ.አ. በ1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በጋራ ያወጡት «ኤሲፒአይ» የተባለው ነው። መስፈርቱ የዕረፍት ደረጃዎችን በቁጥር ይለያል። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልጉት ሁለቱ ናቸው፤ «ስሊፕ» የምንለው ሦስተኛው ደረጃ እና «ሃይበርኔት» የምንለው አራተኛው ደረጃ።

በስሊፕ ጊዜ ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑና ዲስኩ ይጠፋሉ። ሚሞሪው ግን ኃይል ማግኘቱን ይቀጥላል። ምክንያቱም የዛሬ ኮምፒውተሮች ሚሞሪ፣ የአይቢኤም መሐንዲስ የነበሩት ሮበርት ዴናርድ እ.ኤ.አ. በ1966 ባፈለቁት ሐሳብ መሠረት፣ እያንዳንዷን መረጃ የሚይዘው በአንዲት እጅግ ጥቃቅን ካፓሲተር ውስጥ በተጠራቀመ ቻርጅ ነው። ካፓሲተሯ ታፈሳለች፤ ሥሩ እንደተሰነጠቀ ማሰሮ ናት። ስለሆነም ሚሞሪው በየ64 ሚሊሴኮንዱ ገደማ ይዘቱን እያነበበ መልሶ መሙላት አለበት። ይህ ሥራ ሌሊቱን ሙሉ አይቋረጥም፤ የሚከፈለውም ከባትሪው ነው።

በሃይበርኔት ጊዜ ግን ኮምፒውተሩ በሚሞሪው ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ዲስክ ገልብጦ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ዲስክ መረጃ ለመያዝ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ባትሪው ባዶ ቢሆን፣ እንዲያውም ከላፕቶፑ ቢወጣ፣ ሥራው በነበረበት ቦታ ይጠብቃል።

በተማሪዋ ሁኔታ ሁለቱን እናስላ። የላፕቶፗን የባትሪ ዘገባ አብረን ስናወጣ፣ ባትሪው አዲስ ሳለ 48 ዋት-ሰዓት ይይዝ የነበረ ሲሆን አሁን የሚይዘው 18 ብቻ መሆኑን አየን። ክዳኑን ስትዘጋው ደግሞ ቻርጁ 60 በመቶ ላይ ነበር፤ ይህም 10.8 ዋት-ሰዓት ነው። ላፕቶፑ በስሊፕ ላይ ሳለ 0.8 ዋት ይወስዳል ብንል 10.8 ዋት-ሰዓት ለ13 ሰዓት ተኩል ይበቃል። መብራቱ የጠፋው ለ15 ሰዓታት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ጎደላት።

ሃይበርኔት ብታደርገውስ? 8 ጊጋባይት ሚሞሪን በሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ላይ መጻፍ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢፈጅና ላፕቶፑ በዚያ ጊዜ 15 ዋት ቢወስድ፣ ወጪው 1,350 ጁል፣ ማለትም ከ0.4 ዋት-ሰዓት በታች ነው። ሌሊቱን በስሊፕ ለማሳለፍ 12 ዋት-ሰዓት ያስፈልግ ነበር፤ በሃይበርኔት ለማሳለፍ ግን የዚያ አንድ ሠላሳኛ ይበቃል። የሚከፈለው ዋጋ ጠዋት ሲከፈት የአንድ ሁለት ደቂቃ ትዕግሥት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 8 እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣበት ጊዜ ወዲህ በተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ላይ «ስሊፕ» የተባለው ዕረፍት ከቀድሞው ሦስተኛ ደረጃ የተለየ ነው። ማሽኑ እንደ ሞባይል ስልክ በየጊዜው እየነቃ መልእክት ሊቀበልና ራሱን ሊያድስ ይችላል። ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ የገባ ላፕቶፕ ሲወጣ ሞቆ መገኘቱ ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ የስሊፕ ወጪ ከላይ ካሰላነው ሊበልጥ ስለሚችል፣ ሃይበርኔት ይበልጥ ተፈላጊ ይሆናል።

ያረጀ ባትሪ ለምን ሳይናገር ይሞታል?

«ባትሪው ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩ ራሱ ነቅቶ ሃይበርኔት ማድረግ አልነበረበትም ወይ?» የሚል ጥያቄ ከአንባቢ እጠብቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ባትሪው 5 በመቶ ገደማ ሲደርስ ይህ እንዲሆን ተዘጋጅቷል። ያልሆነበትን ምክንያት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው ቀላል ሕግ ይነግረናል።

ማንኛውም ባትሪ በውስጡ ጅረትን የሚቃወም ውስጣዊ ሬዚስታንስ አለው። ከባትሪው ጫፎች የምናገኘው ቮልቴጅ፣ ባትሪው ካለው ቮልቴጅ ላይ ጅረቱ በውስጣዊው ሬዚስታንስ ተባዝቶ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ሊቲየም-አዮን ባትሪ ሲያረጅ የሚይዘው ጉልበት ይቀንሳል፤ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ደግሞ ይጨምራል። በስሊፕ ላይ ያለ ላፕቶፕ የሚወስደው ጅረት ኢምንት ስለሆነ የቮልቴጁ መውደቅ አይታወቅም። ሆኖም ኮምፒውተሩ ሃይበርኔት ለማድረግ ሲነቃ ፕሮሰሰሩም ዲስኩም በአንድ ጊዜ ስለሚነሡ ጅረቱ በሃያ እጥፍ ያህል ሊያድግ ይችላል። በዚያች ቅጽበት ያረጀው ባትሪ ቮልቴጁ ከሚፈቀደው በታች ይወርዳል፤ መከላከያ ሰርኪዩቱም ይዘጋል። ሊድን የተነሣው ማሽን በመነሣቱ ይሞታል።

ከዚህ የምንማረው፣ 5 በመቶ የሚለው ወሰን ለአዲስ ባትሪ የተቆረጠ መሆኑን ነው። ባትሪው ካረጀ ወሰኑን ወደ 12 ወይም 15 በመቶ ከፍ ማድረግ ይገባል።

ቀስ ብሎ መሥራት ወይስ ፈጥኖ መጨረስ?

በላፕቶፕ ላይ «ኃይል ቆጣቢ» የተባለውን ምርጫ ስንነካ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኢንቴል ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮቹ አስገብቶታል። መሠረቱ ይህ ነው፤ ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚወስደው ኃይል ከፍሪኩዌንሲው ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ይጨምራል። ፍሪኩዌንሲው ሲቀንስ ቮልቴጁንም መቀነስ ስለሚቻል ትርፉ ድርብ ነው።

በምሳሌ እናስላው። በሙሉ ፍጥነት 20 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር አንድን ሥራ በ10 ደቂቃ ይጨርስ። ወጪው 12,000 ጁል ነው። ፍሪኩዌንሲውን በግማሽ፣ ቮልቴጁን በ20 በመቶ ብንቀንስ ኃይሉ ወደ 6.4 ዋት ይወርዳል፤ ሥራው ግን 20 ደቂቃ ይወስዳል። ወጪው 7,680 ጁል ይሆናል። 4,320 ጁል ተረፈ።

ነገር ግን በተጨመሩት 10 ደቂቃዎች ስክሪኑ፣ ሚሞሪው፣ ዲስኩና የገመድ አልባ መገናኛው አብረው ቆመዋል። እነዚህ በድምሩ 5 ዋት ቢወስዱ ተጨማሪው ወጪ 3,000 ጁል ስለሚሆን አሁንም አትርፈናል። 9 ዋት ቢወስዱ ግን 5,400 ጁል ይሆናል፤ በቁጠባ ስም ከሰርን ማለት ነው። ትርፍና ኪሳራ የሚለያዩት 7.2 ዋት ላይ ነው። ስለዚህ «ቀርፋፋው ሁልጊዜ ይቆጥባል» የሚለው እምነት እውነት የሚሆነው ቀሪው አካል ትንሽ ሲበላ ብቻ ነው። ስክሪኑን አድምቀን ፕሮሰሰሩን ማዘግየት በር ከፍቶ ምድጃ እንደመቆጠብ ነው። ስክሪኑ ደብዝዞ፣ የማያስፈልገው መገናኛ ጠፍቶ ከሆነ ማዘግየቱ ያተርፋል። ካልሆነ ሥራውን በፍጥነት ጨርሶ ማሽኑን ማሳረፍ ይሻላል።

ጽሑፍ ለሚያነብ ወይም ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ነው። በዚህ ጊዜ ከትልልቆቹ ተመጋቢዎች አንዱ ስክሪኑ ነው። በተለመደው የኤልሲዲ ስክሪን መብራቱ ያለው ከኋላ ስለሆነ ጥቁር ምስል ቢታይም ነጭ ምስል ቢታይም ወጪው ያው ነው ማለት ይቻላል። በመሆኑም የስክሪን ሴቨር ሥዕል ጉልበት አይቆጥብም፤ የሚቆጥበው ድምቀትን መቀነስና ስክሪኑን ማጥፋት ነው። ጥቁር ገጽታ ጥቅም የሚሰጠው እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ በሚያበራበት የኦሌድ ስክሪን ላይ ነው።

የከፍታችን ድርሻ

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኑ፣ እዚህ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። የላፕቶፕ ማራገቢያ ሙቀት የሚያወጣው አየር በመግፋት ስለሆነ፣ በእኩል ፍጥነት ቢሽከረከር በእኛ ከተማ የሚያስወግደው ሙቀት ያንሳል። ያንኑ ሙቀት ለማውጣት አዘውትሮና ፈጥኖ መዞር አለበት፤ ለዚህም ጉልበት ይከፍላል። ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ወይም ፍራሽ ላይ አስቀምጦ የአየር መግቢያውን መድፈን በሌላ አገርም ጥፋት ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ጥፋቱ ይከብዳል። ሙቀት ደግሞ የሊቲየም-አዮን ባትሪ ቀንደኛ ጠላት ነው።

80 በመቶ ወይስ 100 በመቶ?

ብዙ አምራቾች ዛሬ «ባትሪው ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞላ» የሚል ምርጫ ይሰጣሉ። ምክሩ ሳይንሳዊ መሠረት አለው። ሊቲየም-አዮን ባትሪ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ በሞቀ ቦታ ሲቆይ በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ መበላሸት ይፋጠናል፤ ሙሌቱ ዝቅ ሲል ዕድሜው ይረዝማል። ነገር ግን ምክሩ የተጻፈው ሶኬቱ ሁልጊዜ መብራት አለው ብሎ ለሚያስብ ሰው ነው። ከ50 ዋት-ሰዓት ባትሪ ላይ 20 በመቶ መተው 10 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም ለአንባቢ ወይም ለጸሐፊ አንድ ሙሉ የሥራ ሰዓት መተው ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሳምንት፣ በተለይም የመመረቂያ ጽሑፍ በሚቀርብበት ወቅት፣ 100 በመቶ መሙላት ምክንያታዊ ነው። ላፕቶፑ ለወራት ጠረጴዛ ላይ ከሶኬት ሳይነቀል የሚውል ከሆነና መብራቱ የተረጋጋ ከሆነ ግን 80 በመቶ ይሻላል። ባትሪ የሚገዛው ለማገልገል ነው፤ ዕድሜውን ማርዘም ሥራን እስከማጣት ድረስ መሄድ የለበትም።

ቅንብሩ ለማን ተዘጋጀ?

አገራችን የኤሌክትሪክ ኃይሏን በአብዛኛው የምታገኘው ከውሃ ነው። በ2001 ዓ.ም. ኃይል በፈረቃ ሲታደል እንደነበረ በዚያን ጊዜ ተማሪ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የጊቤ 3 ግድብ ውሃ በመቀነሱ የ476 ሜጋዋት እጥረት መፈጠሩ ተገልጾ ፈረቃው ተመልሶ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ መጥቷል። ይሁን እንጂ ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ የመነጨውን በማስተላለፊያ መስመር፣ በትራንስፎርመርና በሰፈር ገመድ አልፎ ሶኬት ላይ ማድረስ ሌላ ነው። አንድ ዛፍ በሰፈር መስመር ላይ ቢወድቅ ግድቡ ሞልቶም ቤት ይጨልማል።

ላፕቶፖቻችን ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ቅንብር የመብራት መጥፋትን እንደ ብርቅ ክስተት ይቆጥራል። በብዙ የዊንዶውስ ማሽኖች ላይ ሃይበርኔት የሚለው ምርጫ ከማጥፊያው ዝርዝር ውስጥ ጭራሹን አይታይም፤ ሄዶ ማውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ የኃይል ቅንብርን ማስተካከል ጥቂት ደቂቃ ለማትረፍ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ ምን እንደምናጣ አስቀድሞ መወሰን ነው። ከዚህ በላይ ባየነው መሠረት የሚከተሉትን እመክራለሁ።

1. በኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ፓወር ኦፕሽንስ» የሚለውን ከፍቶ፣ ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ሳለ ክዳኑ ሲዘጋ ሃይበርኔት እንዲያደርግ ማዘዝ።

2. ስሊፕን መተው የማይፈልግ ሰው፣ ከ30 ደቂቃ ስሊፕ በኋላ ማሽኑ ራሱ ወደ ሃይበርኔት እንዲሻገር ማድረግ። ባትሪው በዚያን ጊዜ ገና ጉልበት ስላለው መሻገሪያው አይወድቅም።

3. የመጨረሻውን የባትሪ ወሰን ለአዲስ ባትሪ 7፣ ላረጀ ባትሪ 12 ወይም 15 በመቶ ማድረግ፤ በወሰኑ ላይ የሚወሰደውም እርምጃ ሃይበርኔት መሆኑን ማረጋገጥ።

4. በባትሪ ሲሠራ ስክሪኑን ለዓይን እስከሚበቃ ድረስ ማደብዘዝና በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንዲጠፋ ማድረግ።

5. በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ የባትሪ ዘገባ አውጥቶ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን ማወዳደር። ከግማሽ በታች ከወረደ በመቶኛ የሚታየውን ቁጥር አለማመን።

6. ይህን ሁሉ ካስተካከሉ በኋላ መሞከር። ሥራን አስቀምጦ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ክዳኑን ዘግቶ ማሳደርና ጠዋት ምን እንደተገኘ ማየት ነው። ያልተሞከረ ቅንብር ያልተፈተሸ መላምት ነው።

ረጅም ስሌት ለሚያሠሩ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። የትኛውም ቅንብር ፕሮግራሙ ራሱ በየጊዜው ውጤቱን ዲስክ ላይ መጻፉን አይተካም። ከላይ ያነሣኋት ተማሪ በፕሮግራሟ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ያለበትን ደረጃ የሚጽፉ ጥቂት መስመሮችን ጨመረች፤ ክዳኑም ሲዘጋ ሃይበርኔት እንዲያደርግ አዘዘች። ስሌቱን እንደገና ስታሠራው መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። በሁለተኛው ጊዜ ባትሪው ሃይበርኔት ሊያደርግ ሲል ወደቀባት፤ ያጣችው ግን 19 ደቂቃ ብቻ ነበር። ባትሪውንም ከዚያ በኋላ ለወጠችው።